ለበሩ ነው እንዴ?

ጽናት የባሏ እናት ወይዘሮ አማከለች ፊደል እንዳልቆጠሩ ለአንድ ቀን እንኳ ረስታላቸው አታውቅም። እሷ ሞላሌ ላይ መሥሪያ ቤት መዝገብ የምትይዝ ባለ ዲፕሎማ ናት፤ እሳቸው የበግ ጠጉር ሲፈትሉ የሚውሉ አሮጊት። የጽናት ልጅ የሕፃኗ አርሴማ ራስ ወደ ቀኝ ትከሻዋ ጋደል ብሎ፣ ፊቷ ወደ ግራ ዞሮ የቀረ ጊዜ አሮጊቷ «ወጌሻ ይያት» አሉ። ጽናት ከዚያን ቀን ወዲህ ምክራቸውን ሰምታ አታውቅም።

ልጅቷ ሦስት ወር ሲሞላት ደብረ ብርሃን ወሰደቻት። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው የቀኝ አንገቷ ጡንቻ አጥሮ እንደሆነ ነገራትና አንገቷን በቀን አምስት ጊዜ ቀስ አድርጋ ወደ ግራ እንድታዘነብል፣ ወደ ቀኝ እንድታዞር አሳያት። ደግሞም መደቡ ላይ በሩ በቀኟ እንዲሆን አዙራ እንድታስተኛት አዘዛት፤ ሕፃኗ ብርሃኑንና ገቢ ወጪውን ለማየት ስትል ራሷ ትዞራለችና። ስድስት ወር እስኪሞላት ካልተሻሻለች ግን ለቀዶ ጥገና ሐኪም ይልካታል።

ጽናት ደብተር አሰመረች። ማለዳና ማታ አንገቷን ታሠራለች፤ ቀን ቀን ከአያቷ ጋር ስትውል ባሏ ፍሬው ብቅ እያለ ያሠራል። እሑድ እሑድ አርሴማ ወደ ቀኝ ስትዞር አገጯ ከትከሻዋ ስንት ጣት እንደሚቀረው እየለካች ትጽፋለች። መጀመሪያ አራት ጣት ነበር። በወሩ አራት። በሁለተኛውም ወር አራት። ጽናት ፍሬውን «አንተ ቀን እያሠራሃት አይደለም» ብላ ሰደበችው፤ እሱም ምሎ ተገዘተላት።

አሮጊቷን ግን አልጠረጠረችም። ለመጠርጠርም እንደ ሰው መቁጠር ይጠይቃል። ስለ አተኛኘቷ «እንዲህ አድርገው ያስተኟት» ብላቸው ነበር። «ለምን ልጄ?» ሲሏት «ሐኪሙ ነው ያለው» ብላ ወጣች። ለባሏም «ለእናትህ ማስረዳት ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው» አለችው።

አንድ ሐሙስ የቀጠሮ ካርዷን ረስታ በእኩለ ቀን ተመለሰች። አርሴማ መደቡ ላይ ራሷ በእግሯ ቦታ ሆኖ ተኝታለች፤ በሩ በግራዋ ነው፣ ፊቷም እንደ ልማዷ ወደ ግራ።

«ማን አዞራት?»

«እኔ ነኝ» አሉ ወይዘሮ አማከለች እንዝርታቸውን ሳይለቁ። «ሁልጊዜም አዞራታለሁ። አንቺ ልትመጪ ስትይ እንዳስተኛሻት እመልሳታለሁ፤ ጠብ አልፈለግሁም።»

ጽናት ሳቀች፤ ክፉ ሳቅ ነበር። «እርስዎ ከሐኪም ይበልጣሉ?»

«አልበልጥም። ነገር ግን ራሷን ወደ ምዕራብ፣ እግሯን ወደ ምሥራቅ አድርገሽ ሄድሽ። እንደዚያ የሚጋደም ሬሳ ነው። ሁለት ልጆቼን እንደዚያ መቃብር አስገብቻለሁ። ይችን አላስተኛትም።»

«ለዚህ ለጨለማ ወሬ ብለው ነው የልጄን አንገት የሚያጠፉት? በሩ በቀኟ ሆኖ እንድትዞርለት ነበር እኮ!»

አሮጊቷ እንዝርቱን አስቀመጡ። «ለበሩ ነው እንዴ?»

ተነሥተው ሕፃኗን አቀፉና በበሩ በኩል ካለው ግድግዳ ሥር፣ ማዶ መደብ ላይ አጋደሟት። ራሷ እሳቸው እንደሚወዱት ወደ ምሥራቅ ነው። ግድግዳው በግራዋ ሆነ፤ ምድጃው፣ ቤቱና ሰዉ ሁሉ በቀኟ። አሮጊቷ ምድጃው ጋ ተቀምጠው «አርሴማዬ» ብለው ጠሩ። ልጅቷ ግድግዳውን አየች፤ የሚታይ ነገር አጣች። አንገቷ እየተንቀጠቀጠ ትንሽ፣ ጥቂት ብቻ፣ ወደ ቀኝ ተነቃነቀ።

«የዚያን ዕለት ብትነግሪኝ የዚያን ዕለት አደርገው ነበር» አሉ። «ጠይቄሽ ነበር።»

ስድስት ወር ሊሞላት ዘጠኝ ቀን ቀርቷል። ጽናት የምትንቀው ሰው ፈልጋ ቤቱን ቃኘች፤ ከራሷ በቀር አላገኘችም። አፈረች።

«በይ ቁጭ በይ» አሉ ወይዘሮ አማከለች። «ሌላስ ያልነገርሽኝ አለ?»