የሹዬ እንግዳ

እታለማሁ በአንድ ጥያቄ እሺ ብላ አታውቅም። ብዪ ሲሏት «አሁን ነው የበላሁት» ትላለች፤ ተቀመጪ ሲሏት «ልሄድ ነው» ትላለች። እምቢታ ግን አይደለም። የመጀመሪያው «አይሆንም» ለወጉ ነው፣ ሁለተኛው ለይሉኝታ፤ በሦስተኛው ሰው ይበላል፣ ይቀመጣል፣ የተጠራበትም ይሄዳል። እሷ ያደገችበት ቤት እንዲህ ነበር፤ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስም ይዛው የመጣችው ይህንኑ ነው። ባሏ አሥራት በዚህ ነገር ሲያሾፍባት ይኖራል።

«አንዴ ጠይቄሽ ብመለስ ኖሮ ይኸኔ ቆመሽ ቀርተሽ ነበር!» ይላታል።

ልጃቸው ትህትና አግብታ ውድብሪጅ ከገባች በኋላ ከቤታቸው ሥር ያለውን ቤዝመንት ለአንዲት ወጣት ተመራማሪ አከራዩት። ስሟ ታን ሹዪ ነው። ማሌዥያ ውስጥ ኢፖ በምትባል ከተማ ከቻይናውያን ቤተሰብ የተወለደች፣ ቀጭን፣ መነጽር የማይለያት ልጅ ናት። እታለማሁ ገና ከመጀመሪያው ሳምንት አቆላምጣ «ሹዬ» አለቻት፣ ሹዪም «እትዬ» ማለት ለመደች። የሚግባቡት በተሰባበረ እንግሊዝኛና ሹዪ ወጥ ቤት ውስጥ በለቃቀመችው አማርኛ ነው።

የሹዪ ሥራ ዓሣ ነው። ጣት የማያክሉ ባለ መስመር ዓሦች አሉ፤ ድምፅ የሚቀበለው ሕዋሳቸው ሲሞት መልሶ ይበቅልላቸዋል። የሰው ጆሮ ግን አንዴ ከደነቆረ ደነቆረ ነው። ሹዪ ዓሦቹ እንዴት አድርገው እንደሚያበቅሉት ነው የምትመረምረው። እታለማሁ ይህን ለቤተ ክርስቲያን ሰዎች በኩራት ብታስረዳም፣ ግማሾቹ ልጅቱ ዓሣ ነጋዴ መስላቸው ቀረች። ከመካከላቸው ነገረኛው አብርሽማ «በጾም ይበላል አይበላም? እስቲ ጠይቂልን» እያለ መከራዋን ያበላታል።

ልጅቱን የወደደቻት በገባችበት ቀን ነው። እታለማሁ ምሳ አቀረበችላት፣ ሹዪ «አመሰግናለሁ፣ በልቻለሁ» አለች፣ ሆዷ ግን እዚያው ሲጮህ ተሰማ። «ይቺስ ያደገች ልጅ ናት!» አለች እታለማሁ በልቧ። «በሞቴ!» አለቻት። ሹዪ አሁንም አንገቷን ደፋች። «በሞቴ አልኩሽ እኮ!» በሦስተኛው ቁጭ ብላ በላች፣ ሽሮም አስጨመረች።

በኋላ እንዳወራቻት ከሆነ በእነሱም ቤት ወጉ ይኸው ነው። እንግዳ እምቢ ሲል እናቷ ምግቡን ቋጥራ እስከ መኪናው ድረስ ትከተለዋለች። አሜሪካ እንደመጣች ግን አንድ ፕሮፌሰር ቤት እራት ተጋብዛ፣ እንደለመደችው «ግድ የለም፣ አመሰግናለሁ» ብትል ሳህኑ በአፍንጫዋ ሥር አልፎ ሄደ። ጦሟን አደረች። ከዚያ ወዲህ እዚህ አገር «ኖ» ያለን ሰው መጎትጎት ነውር መሆኑን ተማርኩ አለች። እታለማሁ ይህን ስትሰማ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ነገሩ ዞሮ ወደ ራሷ እንደሚመጣ መቼ አወቀች!

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሹዪ ደረጃውን እየሮጠች ወጣች።

«እትዬ! አገኘሁት! አዋርዱን አገኘሁት!»

ከመላ አሜሪካ ለጥቂት ጀማሪ ሳይንቲስቶች ብቻ በየዓመቱ የሚሰጥ ሽልማት ነበር። እታለማሁ እጇ ሊጥ እንደነካ አቀፈቻት፣ እልል አለች፣ አሥራት እሳት የተነሣ መስሎት ከመኝታ ቤት ብቅ አለ። ሥነ ሥርዓቱ ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም በማትርቀው አሌክሳንድሪያ፣ ወንዝ ዳር ያለ ሆቴል ውስጥ ነው። እራት አለ፤ ተሸላሚው አንድ የቤተሰብ እንግዳ ይዞ መምጣት ይችላል።

«እናትሽ ትመጣለቻ!» አለች እታለማሁ።

ሹዪ ራሷን ነቀነቀች። አባቷ ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ ካለው ወዲህ እናቷ ከአልጋው አትለይም። ከዚያ የሹራቧን እጅጌ እየጎተተች፣ «እትዬ፣ ከእኔ ጋር ይመጣሉ?» አለች።

የእታለማሁ ልብ በደስታ ዘለለ። አፏ ግን ከልቧ ቀደመ።

«እኔ? ኧረ እኔ እዚያ ምሁራን መሀል ምን ልሠራ! ጓደኞችሽን ውሰጂ እንጂ።»

ብላ ጠበቀች። ሁለተኛውን ጥያቄ፣ ሲመጣም የምትለውን እያዘጋጀች።

«ኦኬ» አለች ሹዪ ዝግ ብላ። «ገብቶኛል።» ከዚያ ወደ ቤዝመንቷ ወረደች።

ያ ሳምንት ለእታለማሁ አልገፋ አላት። ደረጃው ሲንቋቋ ትዞራለች፤ ሹዪ ሰላም ብላ ሻይዋን ይዛ ትወርዳለች። የሐበሻ ቀሚሷን ተኩሳ በር ላይ ሰቀለችው፣ ምናልባት ልጅቱ አይታ ትጠይቃት እንደሆነ። የጠየቃት አሥራት ብቻ ነው፤ «ማን ሊያገባ ነው?» አላት።

አንድ ቀን እንደ ዋዛ፣ «የአሌክሳንድሪያ መንገድ ማታ ማታ ይጨናነቃል አይደል?» አለች።

«አዎ፣ በጊዜ እወጣለሁ» አለች ሹዪ።

«ብቻሽን?»

«ግድ የለም እትዬ። ለምጃለሁ።»

«ለምጃለሁ» የሚለው ቃል እታለማሁን ቆረጣት። ያን ያህል ቆርጧትም ግን «እኔ እመጣለሁ» የሚለው ከአፏ አልወጣ አለ። ሳይለምኗት ተነሥታ መሄድ አልሆነላትም። እልኸኛም ናት፣ ምን ይደረግ።

ለትህትና ኮል አደረገች።

«ማሚ፣ ኢንቫይት አደረገችሽ፣ ኖ አልሻት። ሶ ዋትስ ዘ ፕሮብለም?»

«እምቢ አልኩ እንጂ አልሄድም አልኩ?»

«ዛትስ ዘ ሴም ቲንግ!»

«አንቺ ደግሞ እዚህ ተወልደሽ ምን ታውቂያለሽ።»

«በቃ ቴክስት አድርጊላት።»

«በራሴ አፍ ውሰጂኝ ልበላት? ምን ነክቶሻል?»

ትህትና ሳቀችና ወዲያው ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ማሚ፣ ያልፈለግሻት መስሏት ቢሆንስ? ተከራይ ብቻ ነኝ ብላ አስባ ቢሆንስ?»

እታለማሁ ስልኩን ዘግታ እዚያው ቁጭ ብላ ቀረች። በበሽታዋ ጊዜ ሾርባ የሠራላት፣ አሥራት ጆሮው እየደከመ ሲሄድ ምክንያት እየፈጠረ ሐኪም ቤት እየወሰደ ያስመረመረው ተከራይ ነው እንዴ? ልጅ ነው እንጂ። ለዚህች ልጅ በደስታዋ ቀን እናት ልትቀመጥበት የሚገባው ወንበር ባዶ ሊሆን ነው፤ እሷ ደግሞ ወግ እየጠበቀች ነው።

በማግስቱ ሐሙስ ሹዪ ሳህን እያጠበች፣ «ነገ የእንግዳ ስም መስጫው ይዘጋል። የለኝም ብዬ እጽፋለሁ» አለች፣ ፊቷን ሳታዞር።

አመሻሹ ላይ እታለማሁ ቆረጠች። ባዶ እጅ አይወረድምና ምስር ወጥ በሳህን ይዛ ወደ ቤዝመንት ወረደች። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ሹዪ በስልኳ ከእናቷ ጋር ታወራለች፤ ኢፖ ነግቶ እናትየው ስክሪኑን ሞልተው፣ እጃቸውን እያወናጨፉ ይቆጣሉ። ቋንቋው ለእታለማሁ ባዳ ነው። የእናት ቁጣ መሆኑን ለማወቅ ግን ቋንቋ አላስፈለጋትም።

«ሹዬ... ያ ወንበር...» ብላ ጀመረች። ሳህኑን እንደያዘች ወደ ውስጥ ገባች። «ያ የእንግዳ ወንበር ሰው ያዘው?»

ሹዪ ዞረች፤ ዓይኗ ቀልቷል። እናትየው ከስልኩ ውስጥ እታለማሁን ሲያዩ ጩኸታቸውን አቁመው እጅ ነሡ፣ ከዚያም ለልጃቸው አንድ ነገር አዘዙ።

«እትዬ» አለች ሹዪ፣ «እናቴ እየተቆጣችኝ ነው። ስንት ጊዜ ጠየቅሻት አለችኝ። አንድ ጊዜ አልኳት። ‹ትልቅ ሰው አንድ ጊዜ ይጠየቃል? እኔ ነኝ እንዲህ አድርጌ ያሳደግኩሽ?› አለችኝ።» አፍንጫዋን ጠረገች። «እኔ እኮ ላስቸግርዎት አልፈለግኩም። እባክዎት ይምጡልኝ።»

እግዜር ያሳያችሁ፣ እታለማሁ ስንት ቀን ስትጠብቀው የነበረው ይኸው መጣ።

«ኧረ ተዪኝ ሹዬ፣ እንግሊዝኛዬም...» አለች። ብላው ደነገጠች። አፏ አሁንም ቀድሟት ነበር!

ሹዪ ግን በዚህ ጊዜ አልደነገጠችም። ሳህኑን ከእጇ ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ ሁለት እጇን ያዘቻት፣ በዚያች ወጥ ቤት በተለቀመች አማርኛዋም አለች፤

«በሞቴ።»

እታለማሁ ሳቀች። «እሺ» አለች። «እሺ የኔ ልጅ።» ከስልኩ ውስጥ እናትየው ያሉት ባይገባትም፣ ማጨብጨባቸውን አየች።

የሽልማቱ ዕለት አሥራት መኪናውን አሳጥቦ ሁለቱን ይዞ ወጣ። የወንዙን ድልድይ ሲሻገሩ «አንቺን እሺ ለማሰኘት ሁለት አገር ተባበረ» አላት። መልስ አልሰጠችውም፤ ቀሚሷ እንዳይጨማደድ እየተጠነቀቀች ነበር።

አዳራሹ ውስጥ የሹዪ ስም ሲጠራ እታለማሁ የሹዪን ስልክ ከፍ አድርጋ ይዛ ነበር፤ እናትየው ስክሪኑ ላይ ያለቅሳሉ፣ አጠገባቸው ትራስ የተደገፉት አባትም ያለቅሳሉ። እታለማሁ ስለ ዓሦቹ ከተባለው ግማሹ አልገባትም፤ ሹዪ ንግግሯን ስትጨርስ ወደ እሷ ማየቷ ግን ገብቷታል።

በመጨረሻ የተሸላሚ ቤተሰቦች ለፎቶ ወደ መድረክ እንዲወጡ ተጠሩ። ደረጃው ሥር የቆመች አስተናባሪ እታለማሁን ስትመጣ አየቻት። ነጭ ቀሚሷን አየች፣ መድረኩ ላይ ያለችውን ሹዪን አየች፣ ግራ ገባት።

«ይቅርታ» አለች በትሕትና፣ «እርስዎ የእሷ ቤተሰብ ነዎት?»

በወጉ ቢሆን «ኧረ እኔ እዚሁ ልሁን» ማለት ነበረባት።

«አዎ» አለች እታለማሁ፣ ስልኩን ደረቷ ላይ አስጠግታ። የተጠየቀችው አንዴ ነው።