ያልተቆፈረው ግድግዳ

ኤርሜሊንዳና ባሏ በደቡብ ቺሊ፣ ወንዝ ዳር የጥንት ሰዎችን ዱካ ፍለጋ ጉድጓድ ቆፍረው ሲጨርሱ አንዱን የአፈር ግድግዳ ሳይነኩ ተዉት። ቆፋሪዎች «ምስክር» ይሉታል፤ ኋላ የሚመጣ ተጠራጣሪ በገዛ እጁ ቆርጦ እንዲያይ የሚቀመጥ ነው። እሷም ቆርቆሮ አልብሳ ከዝናብ ስትጠብቀው አረጀች። ባሏ ሞተ፣ ተማሪዎቿ ተበተኑ፣ ተጠራጣሪም እንኳ ጠፋ።

ከአንድ ሰው በቀር። የሳንቲያጎው አፈር አጥኚ ፋውስቲኖ፣ ግድግዳው ውስጥ የሚታየው ከሰል «የተቃጠለ የዛፍ ሥር እንጂ ምድጃ አይደለም» ባይ ነው። እሷ ደግሞ ሰው ወደ አሜሪካ ምድር ገባ ከሚባልበት ዘመን ብዙ ቀድሞ እዚህ እሳት አንድዷል ትላለች። እሱ በየዓመቱ ይጽፋል፣ እሷ ትመልሳለች፤ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ። ቢሆንም ደጇን የሚያንኳኳ ሌላ ደብዳቤ አልነበረም። ዘንድሮ ራሱ በከዘራ እየተደገፈ መጣ።

«እግርዎም እንደ ክርክርዎ ይንገዳገድ ጀመር፣ ዶን ፋውስቲኖ?»

«ክርክሬ ከዘራ አያስፈልገውም። ይልቅ ይቁረጡት፣ ዶኛ ኤርሜሊንዳ።»

«እርስዎ ይቁረጡት። ለእርስዎ ነው የተቀመጠው።»

ተንበርክኮ በትንሿ አካፋ ቀስ እያለ ቆረጠ። ሥር ቢሆን ኖሮ ጥቁሩ እየቀጠነ ወደ ታች በወረደ ነበር። አልወረደም። ጠፍጣፋ ሆኖ ተዘርግቷል፤ ከበታቹ ያለው ጭቃ እንደ ሸክላ ቀልቷል፣ ዙሪያውን ድንጋይ ተደርድሯል።

«ምድጃ ነው» አለ አካፋውን አስቀምጦ። «ረቱኝ። ይህንኑ እጽፋለሁ።»

ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ግን አላላትም። ግድግዳው ተቆርጦ አልቋል። ከእንግዲህ ማን ይመጣል? ማንስ ይጽፍላታል?

ቤት ገብተው ማቴ አፈላች። ማቴ በአንድ ቅል፣ በአንድ መምጠጫ እየተቀባበሉ የሚጠጣ የቅጠል ሻይ ነው፤ ቅሉን ሲመልስ «አመሰግናለሁ» ያለ ሰው በቃኝ ብሎ ለመሄድ ተነስቷል ማለት ነው። ፋውስቲኖ እየጠጣ፣ መደርደሪያው ላይ ያለችውን አንዲት ብቸኛ ሳህን ሲያይ ቆየ።

«የከርሰ ምድር ውሃውን ነገር ግን ገና አልዋጥኩትም» አለ። «ከሰሉ ውስጥ ሰርጎ ከዕድሜው በላይ ያረጀ አስመስሎት ቢሆንስ?»

ይህን ጥርጣሬ ከዓመታት በፊት «ተሳስቻለሁ» ብሎ በገዛ እጁ ጽፎ ትቶታል። ሁለቱም ያውቃሉ።

«ይጻፉልኝ፤ ድባቅ እመታዎታለሁ» አለች።

«እናያለን።»

ቅሉን ምንም ሳይል ዘረጋላት። ደግማ ሞላችለት።