ወፎቹ ዘመሩ፣ እንቁራሪቶቹ ዝም አሉ

ባልና ሚስቱ በአንድ የእንስሳት ማቆያ ይሠሩ ነበር። እሱ ደረታቸው ቢጫ የሆነ ዘማሪ ወፎችን ይጠብቃል፤ እሷ በቀጣዩ ክፍል እንቁራሪቶችን። የሁለቱ ክፍሎች ማሞቂያ አንድ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ከክፍሎቹ አንዱን ሊዘጋ ቆርጦ ስለ ነበር፣ በማለዳ መጥቶ ሁለቱንም አዳምጦ እንደሚፈርድ አስታወቀ፤ ጎብኚ የሚስበው ድምፅ ነው ባይ ነበር። የተሸነፉት ተቀባይ ስለሌላቸው እንደሚገደሉ፣ ጠባቂያቸውም ከሥራ እንደሚሰናበት ሁሉም ያውቃል።

ወፎቹ አየሩ ሲሞቅና ሲደርቅ ይበልጥ ይዘምራሉ። እንቁራሪት ግን በቆዳው ጭምር የሚተነፍስ ፍጥረት ነውና ቆዳው ከደረቀ ይታፈናል። ባልየው ይህን ከሚስቱ አፍ ስንት ጊዜ ሰምቷል። እያወቀ፣ በዋዜማው ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው አዞረው።

በማግስቱ ወፎቹ ክፍሉን በዜማ ሞሉት። እንቁራሪቶቹ ግን እግራቸውን ሰብስበው ከመስታወት ሣጥናቸው ጥግ ተለጥፈው ነበር።

«የአንቺዎቹ ዛሬ አኩርፈዋል መሰለኝ» አላት ሥራ አስኪያጁ።

አልሳቀችም። እጇን የማሞቂያው ሙቀት ወደሚገባበት የአየር ማስገቢያ ዘረጋች፤ ይፋጃል። ዘወር ብላ ባሏን አየችው፤ እሱ ጫማውን ያያል።

«ንገራቸው» አለችው፣ ወደ ሥራ አስኪያጁ እየጠቆመች።

«ምኑን?»

«ያደረግከውን ነዋ።»

እሱ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ማሰር ያዘ። እሷም ሥራ አስኪያጁን እጁን ወደ ማስገቢያው እንዲያስጠጋ ለመነችው። አስጠጋ፤ ፈጥኖም ሰበሰበው። ነገሩ ገብቶታል። ቢሆንም ጎብኚ ስለ ማሞቂያ አይጠይቅም ብሎ ለወፎቹ ፈርዶ ወጣ። ታፍኖ የተያዘውን በነፃነት ከሚተነፍሰው ጋር አወዳድሮ አሸናፊ መሰየም፣ በፍርድ ስም የሚፈጸም ግፍ ነው።

ባልየው ለቤታችን ብዬ ነው አላት።

«ቤቱማ በማንኛችንም ደመወዝ ይቆም ነበር» አለችው። «ደግሞ ዝም ያልከው አንተ ነህ፤ እነሱማ ታፍነው ነው።»

በዚያው ዕለት እንቁራሪቶቹን በባልዲ ጭና ወደ ቤታቸው ወሰደች፤ የመታጠቢያ ገንዳውንም ለእነሱ ለቀቀች። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ማሞቂያ አይበራም፤ ግድግዳው እርጥብ ነው። ባልየው በሥራው ቦታ ቀኑን ሙሉ በሙቀት ሲዘመርለት ውሎ ይመጣና፣ ካፖርቱን ሳያወልቅ፣ የእንቁራሪቶቹን ጩኸት እየሰማ እራቱን ይበላል። እሷም ድምፃቸውን ቀንሺልኝ ሲላት ገንዳው ላይ ውሃ ትጨምርላቸዋለች።