አውቶቡስ በአንዴ የማይዞርበት ቦታ

ጂብሪል በሳውዲ ዐረቢያ፣ በደማም ኢንዱስትሪ ከተማ የፋብሪካ ሠራተኞችን የሚያመላልስ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ጠዋት ከካምፕ ወደ ፋብሪካ፣ ማታ ከፋብሪካ ወደ ካምፕ ይነዳል። ፋብሪካው ከዋናው መንገድ ማዶ ስለሆነ፣ አውቶቡሱ በመንገዱ አካፋይ መሀል በተተወች ክፍት ቦታ ዞሮ መመለስ ነበረበት። ቦታዋ ለትንንሽ መኪና የተሠራች ናት። ሃምሳ ሰው የጫነ አውቶቡስ በአንዴ አይዞርባትም። አፍንጫውን ከማዶ ለሚመጣው መኪና ሰጥቶ ይቆማል፤ ትንሽ ወደ ኋላ ይልና እንደገና ይዞራል።

አንድ ሰኞ ጠዋት እንደዚያ ቆሞ ሳለ አሸዋ የጫነ ትሬላ ከቀኝ መጥቶ መታው። ሦስት ሠራተኞች ቆሰሉ። ፊት ወንበር ላይ፣ በሩ አጠገብ የተቀመጠው ኑህ ግን እዚያው ሞተ። ኑህ የጂብሪል አብሮ አደግ ነበር፤ ሁለቱም በወሎ የወረባቦ ልጆች ናቸው። የትራፊክ ፖሊስ ጥፋቱን መቶ በመቶ በትሬላው ሾፌር ላይ አደረገ። ኑህ ደማም ተቀበረ። ለጂብሪል የሦስት ቀን ዕረፍት ተሰጠው፤ በአራተኛው ቀን ሌላ አውቶቡስ ተረክቦ ሥራ ገባ።

ከዚያ ወዲህ በዚያች መዞሪያ አልዞረም። ቀጥ ብሎ ስምንት ኪሎ ሜትር ይነዳና እዚያ ባለው ድልድይ ዞሮ ይመለሳል። ለዚህ ሲባል ሠራተኞቹ ሩብ ሰዓት ቀድመው ከእንቅልፍ ይነሳሉ። አንድ ቀን ሙሕሲን የሚባል በያጅ፣ "ጂብሪል፣ እዚህ ጋ ለምን አንዞርም?" አለው።

"መንገዱ ጥሩ አይደለም" አለ ጂብሪል። ሙሕሲን ፊቱን አየው፤ ደግሞ አልጠየቀም።

ጂብሪል በቀብሩ ዕለት አላለቀሰም። ከዚያም በኋላ አላለቀሰም። ይሰግዳል፣ ይበላል፣ ይተኛል፣ የሞተሩን ዘይት ይለካል። ወሎ ላለችው የኑህ ሚስት ለሬሀና መርዶውን ያደረሱት የካምፑ ሰዎች ናቸው። እሷ ለጂብሪል ሁለት ጊዜ ደውላ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ስልኩ ጮሆ እስኪያበቃ ድረስ ስሟን እያየ ተቀመጠ።

ከአደጋው በአስራ አንደኛው ወር አንዲት ወጣት የመንገድ መሐንዲስ ካምፑ መጣች። ታስኒም ትባላለች። ወላጆቿ ከወሎ መጥተው እዚሁ የኖሩ ናቸው፤ እሷ ያደገችው ደማም፣ አል ፈይሰሊያ ሰፈር ነው። አማርኛ ስትናገር ዐረብኛው ይቀድማታል።

"ጋሽ ጂብሪል፣ መዞሪያው ኸላስ፣ ሊዘጋ ነው" አለችው። "በምትኩ ኢሻራ፣ የትራፊክ መብራት ያለው መስቀለኛ መንገድ እንሠራለን። ማዶ ያለው ባዶ መሬት በሙሉ ለመጋዘንና ለፋብሪካ ተሰጥቷል። በጥቂት ዓመት ውስጥ የሚያልፈው መኪና እጥፍ ይሆናል። አውቶቡስ ለመዞር ምን ያህል ቦታ እንደሚፈልግ በዓይኔ ማየት አለብኝ። ሾፌሮቹ ከእርስዎ በላይ የሚያውቀው የለም አሉኝ።"

"እኔ እዚያ መዞር ትቻለሁ።"

"አንድ ጊዜ ብቻ ያሳዩኝ። ባዶውን አውቶቡስ።"

ጂብሪል ቁልፉን አነሳ።

ታስኒም ወረቀቷን ይዛ ገባችና በሩ አጠገብ ካለው ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች።

"እዚያ አትቀመጪ፣ ልጄ።"

ቀና ብላ አየችውና ተነሥታ ከኋላው ተቀመጠች።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነበር፤ መንገዱን ከባድ መኪና ሞልቶታል። መዞሪያው ጋ ሲደርስ ፍጥነቱን ቀነሰ፣ ጠበቀ፣ ገባ። አውቶቡሱ እንደ ድሮው ግማሹን ዞሮ ቆመ። አንድ ትሬላ መስታወቱን እያንቀጠቀጠ በፊቱ አለፈ። የጂብሪል እጅ የሚያውቀውን አደረገ፤ ማርሹን ወደ ኋላ፣ መሪውን ወደ ቀኝ። ልቡ እንኳ ከወትሮው በላይ አልመታም።

"አፍንጫው መንገድ ላይ የቆየው አስራ አራት ሰከንድ ነው" አለች ታስኒም፣ ስልኳ ላይ ያለውን ሰዓት አቁማ።

ጂብሪል ዞሮ ከጨረሰ በኋላ ዳር ያዘና አቆመ።

"ጓደኛዬ የሞተው እዚህ ነው" አለ።

"አደጋውን ፋይሉ ላይ አይቻለሁ። አንድ ሟች ይላል። ጓደኛዎ መሆኑን አላወቅሁም።"

"ኑህ ሁልጊዜ ኋላ ነበር የሚቀመጠው። እስክንደርስ ይተኛል። የዚያን ቀን እንቅልፍ አልጠገብኩም ነበርና፣ 'ና ፊት ተቀመጥ፣ እያወራን እንሂድ' አልኩት። የጠራሁት እኔ ነኝ።"

ይህን ያለው የጎማ ቁጥር ተጠይቆ እንደሚመልስ ሰው ነው።

"ለማን ነግረዋል?"

"ለማንም።"

ታስኒም የእስክሪብቶዋን ክዳን ገጠመች። "እኔ የምጽፈው መዞሪያው ጠባብ መሆኑን ነው፣ ጋሽ ጂብሪል" አለች። "ያኛውን የምጽፍበት ወረቀት የለኝም።" ወረቀቷን እያጠፈችም፣ "ሚስት ነበረችው?" አለች።

"አለች።"

ጂብሪል ሞተሩን አስነሣና ተመለሱ። ካምፑ በር ላይ አወረዳት።

ሥራው ስምንት ወር ፈጀ። መዞሪያዋ በኮንክሪት ተደፈነች። መንገዱ በሁለቱም በኩል ሰፋ፤ ለሚዞር መኪና የራሱ መስመር ተሰመረለት፤ መብራት ተተከለ። በተከፈተ በማግስቱ ጂብሪል ሠራተኞቹን ጭኖ መጣ። ቀይ ሲሆን ቆመ፤ አረንጓዴው ቀስት ሲበራ አውቶቡሱ በሰፊው፣ በአንዴ ዞረ። ከማዶ ያሉት መኪኖች በሙሉ ቆመው ነበር። አንድ ነገር ይሰማኝ ይሆናል ብሎ ጠብቆ ነበር፤ ምንም አልተሰማውም። ከኋላው ሠራተኞቹ ተኝተዋል፤ አንዱም አልነቃም።

በዚያው ሳምንት ጁሙዓ፣ ከሶላት ተመልሶ አልጋው ላይ ተቀመጠና ሬሀና ዘንድ ደወለ።

"ጂብሪል ነኝ።"

"በሕይወት አለህ?" አለችው።

"አለሁ።"

"አልሐምዱሊላህ።"

የቤተሰቡን ደህንነት እንኳ ሳይጠይቅ ነገራት። ኑህን ከኋላ ወንበር እንደጠራው፣ ለምን እንደጠራው፣ ትሬላው በየት በኩል እንደመጣ።

"ለእኔ የነገሩኝ፣ ተኝቶ ሳለ ነው የሞተው፣ ምንም አላወቀም ብለው ነው" አለች።

"አልተኛም ነበር።"

"ታዲያ ምን እያወራ ነበር?"

ጂብሪል ይህን አንድም ቀን አስቦት አያውቅም። ወንበሩን ነበር ሲያስብ የከረመው። አሁን ሲፈልገው ግን የኑህ ድምፅ መጣለት።

"ስለ ወንድምሽ ሠርግ። ሙሽራው ከበቅሎ የወደቀ ጊዜ። ሳቁ እያቋረጠው መጨረስ አቅቶት ነበር።"

"እየሳቀ ነበር?"

"እየሳቀ ነበር።"

ስታለቅስ ሰማት። እሱ ዓይኑ ደረቅ ነው፤ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ጠበቃት።

"ይቅር ልበልህ አልበልህ አላውቅም" አለች፣ ድምፅዋ ሲመለስ። "ገና አሁን መስማቴ ነው። ስልኬን አለማንሳትህ ግን ከዚህ ይብስብኛል። ስለ እሱ የምጠይቀው ሰው አጥቼ ከረምኩ።"

"ልክ ነሽ።"

"በሚመጣው ጁሙዓ ደውል። ልጆቹም ይጠይቁህ።"

ስልኩ ሲዘጋ ምሳ ቀርቦ ነበር። ሩዙ በርዷል፤ ከሙሕሲን ጋር ተቀምጦ በላ። በሳምንቱ ከሶላት በኋላ ደወለ። ያነሳችው የኑህ ትልቋ ልጅ ነበረች።