የገብስማዋ ደረት

የዚያ ዓመት ፈንግል እንደ ሌላው ጊዜ የዶሮ በሽታ አልነበረም፤ ዘመቻ ነበር። ከጮቄ ሥር ተነሥቶ ሮብ ገበያን ሲያቋርጥ በሰባት ቀበሌ አንድ የሚጮህ አውራ ዶሮ አላስቀረም። ፀሐይ ራሷ ቀስቃሽ አጥታ ሦስት ቀን አርፍዳ ወጣች ቢባል የሚከራከር አልነበረም። ከገበሬው ከየኋላሸት ግቢ ብቻ ሠላሳ ሁለት ነፍስ ሄደ። የተረፈችው አንዲት ገብስማ ዶሮ ናት።

ገብስማዋ ደግሞ እንዲያው ዶሮ አይደለችም። ሚስቱ የብርጓል ከአምበር ስትዳር ከእናቷ ቤት በቅርጫት ይዛት የመጣችው ዶሮ ዘር ናት። የብርጓል ካረፈች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ልጅ አልወለዱም። ቀሚሷን ዘመድ ተካፈለው፤ ከእጇ የቀረ እስትንፋስ ያለው ነገር ይህች ዶሮ ብቻ ናት። እሷም አርጅታለች። አውራው ሳይሞት የጀመረችውን እንቁላል መጣል በዐሥራ አንድ ጨርሳ ታቀፈች። ጎረቤቱ እትዬ ሽታዬ ሰባራ ጋን ውስጥ ጭድ ጎዝጉዘው፣ መብረቅ እንቁላሉን እንዳያበላሸው ከሥር ምስማር ሸጉጠው አስቀመጧት።

«ይኼ የመጨረሻዋ ነው» አሉት። «ከዚህ ካልወጣ የየብርጓልን ዘር ከየትም አታመጣውም።»

«ዐሥራ አንዱም ይወጣል» አላቸው። «በጥር አሥር፣ ዐሥራ ሁለት ሆኖ ባይወጣ ምን አለ በሉኝ።»

«ከዐሥራ አንድ እንቁላል ዐሥራ ሁለት ጫጩት። ይኼን እንኳ ያንተ ዶሮ ብቻ ናት የምትችለው።»

የኋላሸት በከብት በኩል ባለ ሥልጣን ነው። በሬ ከማዶ ሲያስል ሰምቶ የትኛው ሳንባው እንደታመመ ይናገራል፤ የታመመች አህያ እሱን ስታይ አፍራ ትነሣለች። ዶሮ ግን የሚስቱ ግዛት ነበረች። በሃያ ሁለት ዓመት ትዳር የታቀፈች ዶሮ ምን እንደምትመስል ዞር ብሎ አላየም። የሴት ሥራ ነዋ።

በዘጠነኛው ቀን ገብስማዋ ጥሬ ልትለቅም ስትወርድ አነሣና ገለበጣት። ከደረቷ እስከ ሆዷ አንድ ላባ የለም። ቆዳው ቀልቶ፣ አብጦ፣ እንደ ትኩሳት በሽተኛ ይፋጃል። የጮቄ ውርጭ ድንጋይ የሚሰነጥቅ ውርጭ ነው፤ ይህችን መላጣ ደረት ምን ያደርጋታል ብሎ ፈራላት። እትዬ ሽታዬን ልጠይቅ አላለም። የበሬ ሐኪም ስለ ዶሮ አሮጊት ይጠይቃል እንዴ? የእኛ አገር ሰው ደግሞ ቅቤ ያልሞከረበት በሽታ የለም፤ ሕፃን ሲወለድ ቅቤ፣ ራስ ሲያም ቅቤ፣ ብርድ ሲመታ ቅቤ። ለጋ ቅቤ በመዳፉ አቅልጦ ደረቷን አሸላት። ሦስት ጠዋት እንዲሁ አደረገ። እንቁላሎቹ ከሥሯ እንደ ተወለወለ ብርጭቆ አበሩ፤ ደስ አለው።

በዐሥራ ሁለተኛው ቀን የእንስሳት ጤና ባለሙያው አብይ ከፈንግሉ ዘመቻ ወዲያ የደረሰ ክትባት ይዞ መጣ።

«ዘገየህ፣ ዶክተር» አለው የኋላሸት። «ፈንግል ያልቻላትን እከክ ሊገድልብኝ ነበር፤ እኔው አዳንኋት። ና እይ።»

አብይ ዶሮዋን አነሣ። ደረቷን ዳሰሰ፤ ጣቱን አሸተተ። ከዚያ አንድ እንቁላል አንሥቶ በሁለት ጣቱ አንሸራተተው።

«ጋሼ፣ ይኼ እከክ አይደለም።»

«ምንድን ነው ታዲያ?»

«ምድጃዋ ነው። የዶሮ ቆዳ ስስ ነው፤ ከሽንኩርት ልጣጭ ብዙ አይበልጥም። እንደኛ አያልበውም። የሚያሞቃት ላባው ነው። ግን ላባ ብርድ እንዳይገባ እንደሚከለክል ሁሉ ሙቀቷም ወደ እንቁላሉ እንዳይወጣ ይከለክላል። ስለዚህ ልትታቀፍ ስትል ደረቷ ይራቆታል፤ እዚያ ቦታ የደም ሥሩ ይበዛል፣ ቆዳው ያብጣል። ባዶ ገላዋን ለጥፋባቸው ነው የምታሞቃቸው።»

«እሺ፣ ብትቀባስ? ቅባት የሚጠላ ገላ አለ?»

«ቅባት ከፈለገች ጅራቷ ሥር የራሷ እጢ አላት፤ በምንቃሯ እየጨለፈች ላባዋን ትቀባበታለች። ቅቤዎ እሷን አልጎዳም፣ ጋሼ። የእንቁላሉ ቅርፊት ግን በዓይን የማይታይ ቀዳዳ አለው። ጫጩቱ የሚተነፍሰው በዚያ ነበር።»

የኋላሸት «ነበር» የምትለዋን ቃል ሰማ። ሌላውን አልሰማም።

አብይ አንዱን ሰብረን እንይ አለ። የኋላሸት እንቢ አለ፤ ቆይቶ ራሱ ሰበረው። ጫጩቱ ሞቷል። አውራ ጣት የምታህል ዕርቃን ነገር ናት። ስስ ቆዳዋ ላይ፣ በጀርባዋና በጭኗ፣ ላባ ሊወጣባቸው የነበሩ ነጠብጣቦች በመስመር በመስመር ተተክለዋል፤ ጎበዝ ገበሬ በገመድ ለክቶ የዘራው ይመስላል። የኋላሸት ለረጅም ጊዜ ተመለከታት።

«የቀሩት ምናልባት…» አለ አብይ።

«ምናልባት» አለ እሱም።

የኋላሸት ዐሥሩን በለብታ ውኃና በጨርቅ ጠርጎ መለሳቸው። ሃያ አንደኛው ቀን አለፈ። ሃያ ሁለተኛው ረቡዕ ነበረ፤ ገበያ ላይ ሰው ሲጠይቀው «ሰባቱ ተፈልፍለዋል፤ ሦስቱ አውራ ናቸው፣ ከወዲሁ ይዋጋሉ» አለ። ለምን እንዳለው ለራሱም አልገባውም። አፉ እንደ ልማዱ ቀደመው።

በሃያ አራተኛው ቀን እትዬ ሽታዬ በሰፌድ የተከካ ገብስ ይዘው መጡ።

«የታሉ አውራዎቹ?»

«ሥሯ ናቸው።»

አሮጊቷ ተንበርክከው አንድ እንቁላል አወጡና አፍንጫቸው ዘንድ አደረሱት። መልሰው አላስገቡትም።

«ምን አደረግሃቸው፣ የኋላሸት?»

«ቅቤ ቀባኋት። ደረቷ ራቁቱን ሆኖ ሳየው… በርዷት መስሎኝ።»

ሁለቱም ዐሥሩን እንቁላል አጥሩ ሥር ጉድጓድ ምሰው ቀበሩ። ሲመለሱ ገብስማዋ ባዶው ጭድ ላይ ተኝታ አገኟት፤ ላባዋን ነፍታ፣ ደረቷን ጭዱ ላይ አጣብቃ።

«እኔ ልውሰዳትና ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነክሬ መታቀፉን ላስተዋት» አሉ። «እንዲህ ከሰነበተች ሳትበላ ትሞታለች።»

«ብትተውስ ምን ልትሆን ነው?»

«ዶሮ ትሆናለች እንጂ።»

«ደግማ ትጥላለች?»

«አትጥልም።»

የኋላሸት አጎንብሶ መዳፉን ከሥሯ አስገባ። ገላዋ አሁንም ይፋጃል። ዶሮዋ ትንሽ ተነሣችና ቦታዋን አስተካክላ፣ ራቁት ደረቷን ጣቶቹ ላይ አሳርፋ ተቀመጠች። እትዬ ሽታዬ ሰፌዱን ይዘው ቆመው ጠበቁት። ፀሐይ ዘወር እስክትል ጠበቁት። እጁን አላወጣም።