እስኪሞቅ ድረስ

የከተማው ውኃ አገልግሎት ኃላፊ ጉሮሮውን ጠረገ። ሐዘን ቤት ገብቶ ከተቀመጠ ግማሽ ሰዓት አልፎታል፤ ሻዩ ቀዝቅዟል፤ ዓይኑን ግን ከሟቹ ሴት ልጅ ላይ አላነሳም።

«እግዜር ያጽናሽ» አላት እንደገና።

«አሜን።»

ሲላት አራተኛው ነበር። አንድን ሰው አራት ጊዜ የሚያጽናና ሌላ ነገር ቢፈልግ ነው።

ልጅቱ መነጽር ሠሪ ናት፤ በሌላ ከተማ መስተዋት ስትሞርድ ትውላለች። የአባቷን መርዶ ሰምታ ከመጣች ሦስተኛ ቀኗ ነው። እስካሁን አንዲት ዘለላ እንባ አልወጣትም። ለቅሶ የመጡት ሴቶች ይህን ልብ ብለዋል፤ ጓዳ ውስጥ «ምን ዓይነት ድንጋይ ልብ ነው» ሲባባሉም ሰምታቸዋለች። አልፈረደችባቸውም። እሷም ራሷን ስትጠይቅ ነው የሰነበተችው።

አክስቷ ባዶ ባልዲ እያንጓጓች ገባች። ቧንቧው ከትናንት ጀምሮ አየር ብቻ ነው የሚተፋው። ሟቹ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለከተማው ውኃ በፓምፕ ሲገፋ ኖሮ፣ በለቅሶው የእንግዳ ብርጭቆ ማለቅለቂያ ጠፋ።

«በዚህ ሰዓት መጠየቅ ነውር መሆኑን አውቃለሁ…» ብሎ ጀመረ ኃላፊው።

«ነውር መሆኑን ካወቁ ይተዉታ!» አለች አክስት፤ ባልዲውን መሬት ላይ ዱብ አድርጋ።

አልተወውም። ትናንት ቀብር ላይ ሳሉ መብራት ጠፍቶ መጣ። ፓምፖቹን የሚያዘው አሮጌ ኮምፒውተር ተነስቶ አንድ ቦታ ላይ ቆሟል፤ ምን እንደሚጠይቅ ግን ማየት አልተቻለም። ትንሿ ሞኒተር ጨልማለች። በሷ ፋንታ አዲስ ሰፊ ስክሪን ቢሰኩለት «ምልክት የለም» ብቻ ይላል። ኮረብታው ላይ ያለው የወሊድ ሆስፒታል ታንከር ውስጥ ያለው ውኃ እስከ ከሰዓት ቢቆይ ነው።

«ልጅ ሆነሽ እዚያ፣ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ነበር የምታጠኚው» አለ። «ባልደረባው ከቀብር መልስ ስልክ የማይደርስበት ገጠር ሄዷል፤ ሌላ የሚያውቀው አንቺ ብቻ ነሽ።»

ደሟ ፈላ። «ሕመም ፈቃድ ላይ የነበረ ሰው ጠርታችሁ፣ ደረጃ ስታወጡ ስታወርዱት ሞተ። አሁን ደግሞ እኔን?»

«እኛ አልጠራነውም» አለ ኃላፊው ቀስ ብሎ። «ራሱ ነው የመጣው።»

ውሸታም፣ አለች በልቧ። ግን ነጠላ ጫማዋን ትፈልግ ጀመር። ምጥ የያዛት ሴት ምን አደረገች?

*

መኪና ውስጥ ኃላፊው ሦስት ጊዜ ስልክ ተደወለለት፤ ሦስቱም ከሆስፒታሉ ነው። እሷ በመስኮት እያየች የምታስበው ሌላ ስልክ ነበር።

አባቷ በየማለዳው ይደውልላታል። አንድም ቀን አጓድሎ አያውቅም። «ደህና አደርሽ? ዝናብ አለ?» ይላታል፤ ስለ ዝናቡ ትነግረዋለች፤ ስለ አክስቷ ጉልበት ይነግራታል፤ ከዚያ የጀመረውን ሳይጨርስ «በቃ፣ መጣልኝ» ብሎ ይዘጋዋል። የመጣለት የሞኒተሯ ምስል ነው። ያቺ ጀርባዋ እንደ ቅል የረዘመ፣ ፊቷ ከመጽሐፍ የማይበልጥ ትንሽ ሞኒተር እስክትሞቅ ድረስ የሚሠራው ስለሌለው ነው የሚደውለው።

መጀመሪያ ከቤት የወጣች ሰሞን ጥሪው ግማሽ ደቂቃ አይሞላም ነበር። ሞኒተሯ ባረጀች ቁጥር ጨዋታቸው እየረዘመ ሄደ። አምና አራት ደቂቃ ደረሰ። አንድ ቀን ብሽቅ ብላ፣ «ለመሆኑ እኔ ልጅህ ነኝ ወይስ ጊዜ መግደያህ?» አለችው። ሳቀ። «ጊዜ መግደያዬ አይደለሽም» ግን አላላትም። የሞተ ዕለት ጠዋትም እንደ ልማዱ ስለ ዝናብ ጠይቋት፣ እንደ ልማዱ ዘጋባት። እንባዋን የያዘው ይኸው ነው። ጊዜ ሲተርፈው ብቻ ለሚፈልጋት ሰው እንዴት ብላ ትጩህ?

*

መቆጣጠሪያ ክፍሉ ስትደርስ ከውጭ የተጠራ ኤሌክትሪሽያን ሞኒተሯን በፊቷ ደፍቶ፣ የጀርባ ብሎኗን እየፈታ ነበር። ሦስቱ ወልቀዋል።

«እጅህን አንሳ!»

ጩኸቷ ራሷንም አስደነገጣት። ሰውየው መፍቻውን እንደያዘ ቀረ።

«ከሶኬት ነቅያታለሁ እኮ» አለ።

«ብትነቀልም ውስጧ ኃይል ይዛ ትቆያለች። አባቴን አንድ ጊዜ ከግድግዳ ጋር አላትማዋለች።» ብሎኖቹን ተቀብላ መልሳ አሰረች፤ ጥቃቅን ብሎን ለእጇ ብርቅ አይደለም። «ስታበሯት ስንት ደቂቃ ጠበቃችሁ?»

ተያዩ።

«ደቂቃ?» አለ ኤሌክትሪሽያኑ። «አበራን፣ አየን፣ ጨለማ ናት። አጠፋን፣ ደግመን አበራን…»

ከትናንት ጀምሮ ሊሞቅ የጀመረውን እያጠፉ፣ እየደጋገሙ ሲያቀዘቅዙት ነው የዋሉት! ኮምፒውተሩ ላይ ሰክታ ቁልፏን ተጫነች። ቀጭን ፉጨት ተሰማ፤ መስተዋቱ ግን እንደ ጠቆረ ነው።

«ይኸው፣ የለችም» አለ ኤሌክትሪሽያኑና እጁን ወደ ማጥፊያው ሰደደ።

በመዳፏ ማጥፊያውን ጋረደች። «ማንም እንዳይነካት። አራት ደቂቃ ትፈልጋለች።»

አንድ ደቂቃ አለፈ። የኃላፊው ስልክ ጮኸ። «እየሠራን ነው» አለ፤ ላቡ በአንገቱ ይወርዳል። ሁለት ደቂቃ። ምንም የለም። ሦስተኛውን ደቂቃ ስታጋምስ እሷም ፈራች። ምናልባት ሲያበሩ ሲያጠፉ አቃጥለዋት ይሆናል። ምናልባት ባለቤቷን ተከትላ ሄዳለች። ስልኩ እንደገና ጮኸ፤ ኃላፊው አላነሳውም። እሷም መዳፏን ከማጥፊያው አላነሳችም።

ከመስተዋቱ መሀል ማር የመሰለ ብርሃን ጭል አለ። ቀስ እያለ ሰፋ፤ ፊደል ሆነ። ኮምፒውተሩ ከትናንት ጀምሮ የጠየቀው ይቺን ብቻ ነበር፦ ፓምፖቹ ይነሱ? አዎ፣ ወይስ አይ?

«አዎ»ን ተጫነች። ወለሉ በእግሯ ሥር ነዘረ። ኃላፊው «ተነሱ! ተነሱ!» እያለ ስልኩን ይዞ ወደ ደጅ ሮጠ፤ ኤሌክትሪሽያኑም ተከተለው።

ክፍሉ ውስጥ እሷና አሁን ገና ከገጠር የደረሰው የአባቷ የሥራ ባልደረባ ቀሩ። ሽማግሌ ነው፤ ወሬ ስለማይደክመው «ዝምተኛው» ይሉታል።

«ከእንግዲህ አናጠፋትም» አለ። «ጥንትም ማጥፋት አያስፈልግም ነበር። ብርሃኗን ቀንሶ ክፍት ቢተዋት አንድ ደቂቃ እንኳን አትጠበቅም። ስንቴ ነገርኩት! አባትሽ ግን ሰው የሚለውን መቼ ይሰማል። ማታ ሊሄድ ሲል አጥፍቷት ይሄዳል።»

«ለምን?»

«እኔ ምን አውቄ። አንድ ጊዜ እኔ የማታ ተረኛ ሆኜ ክፍት አሳደርኳት። ጠዋት ገብቶ በርታ አገኛት። ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ይቺን ደህና የምትሠራ ሞኒተር ቀጭ አድርጎ አጠፋት! መልሶ አበራትና ስልኩን አወጣ።» ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ። «ፈቃድ ላይ ሆኖም አልተዋትም። ማንም ሳይጠራው በየጠዋቱ ደረጃውን እያለከለከ ይወጣል። ያበራታል፤ ይደውላል፤ ምስሏ ሲመጣ ይሄዳል። ቤትህ ሆነህ አትደውልም ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ ‘በባዶ ሜዳ ምን ብዬ ልደውል? ሥራ ላይ ያለችን ልጅ ላስቸግር?’ አለኝ።»

ልጅቱ አባቷን «ጊዜ መግደያህ» ያለችው ትዝ አላት።

እጇን ዘረጋችና ሞኒተሯን አጠፋች።

«ኧረ ምን ነካሽ! እየሠራች እኮ ነው!»

ፓምፖቹ አልቆሙም፤ ለእነሱ ስክሪኑ ኖረ አልኖረ ግድ አይሰጣቸውም። ማጥፋትና ማብራት ለአሮጊት ሞኒተር ደግ እንዳልሆነ ታውቃለች። ቢሆንም መልሳ አበራቻት። ወንበሩን ስባ ተቀመጠች፤ ሁለት እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ እንባዋ አገጯ ላይ ሲደርስ ሳትጠርገው፣ የጠቆረውን መስተዋት መጠበቅ ጀመረች።