በቅሎዋ የወጣችበት ፎቶ

በመጀመሪያው ፎቶዬ ላይ አልታይም። እናቴ ዙቤዳ ትታያለች፣ አክስቴ ሃጂራ ትታያለች፣ የጎረቤታችን ውሻ ይታያል፤ በቅሏችንማ ጥርሷ ሳይቀር ወለል ብሎ ወጥቷል። እኔ ሚስኪ፣ ፎቶው ለእኔ ሲባል የተነሳ ሆኖ ሳለ፣ እናቴ እቅፍ ውስጥ ያለሁት ጥቅል ጨርቅ ነኝ። ሳየው እስከ ዛሬ ትንሽ ያናድደኛል።

ዘመኑ የጣሊያን ነው። ቤታችን ኮልፌ፣ ከጅማ በሚመጣው መንገድ ዳር ነበር፤ ነጋዴዎች በቅሏቸውን አስረው የሚያድሩበት ሰፊ ግቢ። ጣሊያን መንገዱን ጠርጎ ካሚዮን ሲያመጣ ግቢው ጭር አለ። አባቴ ዩሱፍ እናቴን እርጉዝ ትቶ ለንግድ ጅማ ወረደ። ለሁለት ወር ብሎ የሄደ ሰው ዓመት ሊሞላው ሆነ፤ እኔም ተወልጄ ስድስት ወር ደፈንኩ። በየወሩ በሾፌር እጅ ደብዳቤ ይልካል፤ ልጄ ናፈቀችኝ፣ ግን አሁን አይመቸኝም ይላል። እናቴ ለሰው ባትናገረውም፣ እዚያ ሌላ ትዳር ይዞ ይሆናል ብላ ትብሰከሰክ ነበር።

በመጨረሻው ደብዳቤው የልጅቷን ፎቶ ላኩልኝ አለ። እናቴ ደስታዋን አልቻለችውም። ፊቴን አንዴ ካየ በማግስቱ ካሚዮን ላይ ዘሎ ይወጣል ብላ ደመደመች። ያኔ ቆንጆ ነበርሽ ይሉኛል፣ እኔም አልከራከርም። የአባቴ ታላቅ እህት ሃጂራ ግን ዝም አለች። እሷ ዝም ካለች አንድ ነገር አለ ማለት ነው።

ፎቶ አንሺው ጎረቤታችን ጉልላት ነበር። አራዳ አንድ አርመን ፎቶ ቤት ሲላላክ ኖሮ አሮጌ ካሜራ ተሰጥቶታል። ሰው ማንሳት ብዙም አይሆንለትም። የሚወደው ውሻውን፣ የባሕር ዛፉን ጋራ፣ ጣራው የዘመመ የመንገድ ዳር ጠጅ ቤትና ባዶ የቀረውን የእኛን በረት ማንሳት ነው፤ ነገ የማይኖረውን ነገር ዛሬ ላንሳው ባይ ነው። አንድ ቀን ወታደሮች ሰላይ ነህ ብለው አስቁመው ፎቶዎቹን ሲያገላብጡ ውሻ፣ ዛፍ፣ ውሻ፣ አሁንም ውሻ ሆነባቸውና ስቀው ለቀቁት። ፊልም እንደ ልብ በማይገኝበት ጊዜ ይኸው ውሻ ፊልሙን ጨርሶት ለእኛ የተረፈችን አንዲት ፎቶ ብቻ ነበረች።

እናቴ የዒድ ልብሷን ለበሰች፣ እኔንም አጥባ ቅቤ ቀባችኝ። ጉልላት በረቱ ፊት ደረደረን፣ ከኋላችን ባዶ እንዳይሆን ብሎም በቅሎዋን አቆመ። ውሻው ሳይጠራ መጥቶ እግራችን ሥር ተቀመጠ። ጉልላት ሦስት እስክል ትንፋሽ እንዳትስቡ ብሎ መቁጠር ጀመረ። ሁለት ሲል አክስቴ እጇን ሰደድ አድርጋ ነጠላዋን ፊቴ ላይ ጣል አደረገች። ካሜራው ቀጭ አለ።

እናቴ ልታብድ ደረሰች።

“ያ ሳጥን ያፈጣል እንጂ ማሻአላህ አይልም” አለች አክስቴ። “ልጅቷን በዓይን ላስበላት?”

ፎቶው ታጥቦ የመጣ ዕለት እናቴ ልትቀደው ስትል አክስቴ ነጥቃ ጅማ ለሚወርድ ሾፌር ሰጠችው። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ሴቶች በአንድ ጓዳ ሳይነጋገሩ ሰነበቱ። ነገር ሲቸግራቸው በእኔ በኩል ይላላኩ ነበር፤ “ሚስኪ፣ ለአክስትሽ ጨው አቀብያት” ትላለች እናቴ። ገና በቅጡ መቀመጥ እንኳ አልቻልኩም።

በሦስተኛው ሳምንት ዓርብ ከሰዓት አንድ ካሚዮን በራችን ላይ ቆመና አባቴ ወረደ። ሰላምታ በቅጡ ሳይሰጥ ፎቶውን ከኪሱ አወጣ። ጅማ ላይ ለወዳጆቹ ባሳየ ቁጥር በቅሎዋን አድንቀው ልጅህ የታለች እያሉ ሳቁበት። ጨርቁን የሚገልጥ ይመስል በጥፍሩ ሲፍቀው፣ ፊቴ ያለበት ቦታ ነጭ እስኪሆን ተልጧል። እናቴ እኔን አንስታ ሰጠችው። ታቅፎኝ ተቀመጠ፣ እኔም ጢሙን ይዤ አልለቅ አልኩ። ሲያለቅስ ያየነው ያኔ ብቻ ነው ትላለች እናቴ።

ቆይታ፣ ፊቷን ሳናሳይህ ቀረን ብላ ይቅርታ ጠየቀችው።

“ፊቷን ልካችሁልኝ ቢሆን ኖሮ ግድግዳዬ ላይ ሰቅያት እዚያው ነበር የምቀረው” አለ አባቴ ከእኔ ላይ ዓይኑን ሳይነቅል። “ጅማ ላይ ቤት እየሠራሁ ነበር። ጣራው ብቻ ነው የቀረኝ።”

እናቴ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። አክስቴ ሽንኩርት ትልጥ ነበር። እናቴ አጠገቧ ቁጢጥ አለች።

“እቴቴ፣ ነጠላውን የጣሉባት አውቀው ነው?” አለቻት።

“ዩሱፍን ያሳደግኩት እኔ ነኝ” አለች አክስቴ፣ ሽንኩርቷን መላጧን ሳትተው።